የመርዶ ሞተር

ብርሃንነሽ የልጇን የሰርግ ካርዶች ጠረጴዛው ላይ በሦስት ክምር ለየቻቸው፤ የጅማዎቹን ለብቻ፣ የአዲስ አበባዎቹን ለብቻ፣ የአጋሮዎቹን ለብቻ። ቀጥላ የአጋሮዎቹን አነሳችና፣ ባሏ እያየ፣ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችባቸው። ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። አብተው ሻዩን እየጠጣ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ሚስቱ ከእሱ ቆልፋ ያስቀመጠችው ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተሳሳተች መሰለው።

«የእትዬን ካርድ ምነው ቆለፍሽበት? ዛሬ ይዤላት ልሄድ አይደል?»

«በሚኒባስ ይላካል። ለሹፌር እሰጠዋለሁ።»

«ለገዛ እህቴ? በሹፌር?»

«አንተ በዚያ ሞተር የልጄን ሰርግ ይዘህ አትሄድም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

አብተው ብርጭቆውን አስቀመጠ። እምቢታዋ ብቻ አልነበረም ያመመው፤ ምክንያቱን ሳትነግረው ያውቀዋል ብላ መተዋ ነው። ያውቀዋልም። ሞተሩን የገዛው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ነው። ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ ቀይ፣ ለአስፋልት የተሠራ፣ ከተማውን ከሞሉት ትንንሽ ሞተሮች ከፍ ያለ ነው። የአብተው ሥራ ሚዛን ማስተካከል ነው፤ የቡና ነጋዴ ሚዛን ሲዋሽ ወይም ዋሸ ተብሎ ሲጠረጠር እሱ ይጠራል። ከየቡ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከጌራ እስከ አጋሮ ያልገባበት መጋዘን የለም። ሞተሩን የገዛው ለዚሁ ነበር። ዕድሩ ግን ሞተሩን ካየ በኋላ የአብተውን ሚዛን ረሳው። መርዶ እንደሆነ በስልክ አይነገርም። ሰው የልጁን ወይም የወላጁን ሞት ከቆርቆሮ ውስጥ በሚወጣ ድምፅ ሊሰማ አይገባም፤ ሲነጋ፣ አፉ እህል ሳይቀምስ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ባለበት፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ሀብተጊዮርጊስ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሌሊት በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ የሟች እህት ጌራ ናት፤ መኪና እስኪገኝ ቀብሩ ያልፋታል» አሉት። ሄደ። በወሩ ደግሞ ሌላ መጣ፤ ሄደ። ሞተር ያለው ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ እምቢ ያለ ቀን የራሱን ሬሳ የሚሸከም ያጣል።

የጭስ ማውጫው ማርመታ ዝጎ ከተበሳ ወዲህ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ይታወቃል። በየከተማው ጎህ ሲቀድ ያ ድምፅ ከተሰማ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደያዙ በር ላይ ይቆማሉ፤ ደጃቸውን አልፎ ከሄደ «ተመስገን» ብለው ይገባሉ። እሱ የቆመበት ደጅ ግን ተመስገን ብሎ አያውቅም። ልጆች «የመርዶ ሞተር» ይሉታል። ሰርግ ሲኖር ማንም «አብተው፣ በሞተርህ አድርስልኝ» አይለውም፤ ልደትም፣ ምርቃትም፣ ክርስትናም ሌላ ሰው ነው የሚላከው። አጋሮ ያለችውን ታላቅ እህቱን እታገኝንም የእናታቸውን ሞት ያረዳት እሱ ነው፤ የባሏንም፣ ጅማ ሲታከም ቆይቶ ያረፈ ጊዜ፣ ያረዳት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የእህትና የወንድም ጨዋታ አጠረ። ታከብረዋለች፣ ታበላዋለች፤ ዐይኗን ግን ከፊቱ አትነቅልም፣ የደበቀውን ነገር ትፈልግበታለች። ይባስ ብሎ የካርዱ ነገር አለ። መርዶ ነጋሪ እንደደረሰ አያፈርጥም፤ እስኪነጋና ሽማግሌው እስኪሰበሰብ አንድ ነገር ፈጥሮ ያዘገያል፣ ትንሽ አሞት ነው ይላል፣ ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሁት ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት ሊሙ ላይ ለአንዲት ሴት የወንድሟን ሞት ይዞ ሄዶ፣ የሚለው ጠፍቶት፣ «የሰርግ ካርድ ይዤ ነው» አላት። ሴትዮዋ እልል ብላ ተቀበለችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሆነው አይነገርም። ወሬው ግን ከሊሙ እስከ አጋሮ ተወራ፤ ሰዉ እስከ ዛሬ አልረሳለትም።

ደከመው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ሞተሩን በርግጫ ማስነሳት እምቢ እያለው ነው፤ ለካቴናው ጥርስ አዲስ አበባ ድረስ ሰው መላክ፣ ለቤንዚን ከንጋት ጀምሮ መሰለፍ፣ ሲያጣም በሀይላንድ ፕላስቲክ ከመንገድ ዳር በእጥፍ መግዛት ሰልችቶታል። ከሁሉም በላይ ሲነጋ በር ማንኳኳቱ ሰልችቶታል። እዚያው ጅማ መርካቶ ያለው ነጋዴ ሸኩር ሞተሩን ሊገዛው ተስማምቷል፤ ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል። ከቅዳሜ በኋላ አብተው እንደማንኛውም ሰው በታክሲ የሚሄድ ሰው ይሆናል፤ መርዶም ሌላ ሰው ይፈልግ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ፈለገ፤ በዚህ ሞተር አንድ ደጅ ደርሶ የእውነት እልልታ መስማት። አንድ ጊዜ ብቻ። የምታገባው ልጁ ናት፣ የምትጠራው እህቱ ናት፤ በዚህ እንኳ ካልሆነ በምን ሊሆን ነው?

ጽዮናዊት ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ የእናቷን ድምፅ ከጓዳ አዳመጠች፤ ሰሞኑን ለሰርጉ ብላ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነው የምትውለው። ራሷ ጋ የተረፈውን አንድ ካርድ በላስቲክ ጠቅልላ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። «አባዬ፣ ሰርጉ የእኔ ነው» አለችው በሹክሹክታ። «እትዬን በአፍህ ጥራልኝ። በሹፌር ከተጠራች አትመጣም፣ ልክም ናት።»

መንገድ ከመውጣቱ በፊት አጂፕ አካባቢ ወዳለው ወደ ሙኒር ጋራዥ ጎራ አለ። ጋራዥ ይባል እንጂ የአንድ ሱቅ ስፋት ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ወለሉ ከዘይት ብዛት እንደ ቆዳ ጠንክሯል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ከመነዳሪና የውስጥ ጎማ ብዛት ቤቱን ያጨልመዋል። ደጁ ላይ አንድ ባጃጅ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ሪያድ የሚባል ወጣት ነው፤ ቀዩን ሞተር እንዳየ «ቢስሚላህ» አለና ባጃጁን ገፍቶ ወዲያ አራቀው። ከዚያም አብተው እንዳየው ሲገባው አፈረና «ፀሐይ እንዳይመታው ነው፣ ጋሼ» አለ። ባጃጁን የወሰደው ወደ ፀሐይ ነበር።

«ማርመታውን ቀይርልኝ» አለ አብተው።

ሙኒር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ። «ቅዳሜ ሸኩር ለሚወስደው ሞተር? ለማን ብለው ነው፣ ለእሱ ጆሮ? ወላሂ ጋሼ፣ አራት ሺህ ብር ነው፤ ለብየዳው ደግሞ ስድስት መቶ።»

«ድምፁ እንዳይታወቅ ነው።»

ሙኒር ሳቁን ዋጠ። የሙኒርን አያት ሞት ለአጎቶቹ የወሰደው ይኼው ሞተር ነው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ መጠየቅ አላስፈለገውም። «አብሽር፣ ማሎ፣ ይቀመጡ» አለና ከተጋጨ ሞተር የተረፈ ማርመታ ከጣራው ሥር አወረደ። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። የተበሳውን አወለቀ፣ የአዲሱ አንገት አልገጥም ሲል ቆርጦ በየደው፣ ለመጋጠሚያው ከካርቶን ቆርጦ ማሸጊያ ሠራለት። እግረ መንገዱን ካንዴላውን ፈትቶ ጠረገ፣ ካቴናውን በተቃጠለ ዘይት አራሰ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ አጠበቀ፤ ለእነዚህ ዋጋ አልጠየቀም። አብተው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያያል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሁለት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት እየቀየረ፣ በየክረምቱ የፍሬን ሸራ እየለወጠ፣ ከሚስቱ ጫማ አስቀድሞ ጎማ እየገዛ ያኖረው ዕቃ ነው። ሰው የሚወደውን ነገር እንዲህ አይንከባከብም፤ እንዲህ የሚንከባከበው መንገድ ላይ ቢቆምበት የሚያሳፍረውን ነገር ነው። መርዶ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ደግሞ ነውር ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ለስለስ ያለ ሆነ። አብተው ሳያስበው ፈገግ አለ። ሁሉንም አስቦበታል። ድምፁ ተለውጧል። ሰዓቱ ቀትር ነው፣ መርዶ ደግሞ የንጋት ነገር ነው። የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ያን ጥቁር ጃኬት እቤት ትቶታል። የሚሄደውም ለብቻው ነው፤ መርዶ ነጋሪ ለብቻው አይገባም። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

መንገዱ እንደ ታኅሣሥ መንገድ ነበር። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቀይ ቡና በየአልጋው ተሰጥቷል፤ አይሱዙዎቹ ጆንያ ጭነው እያጓሩ ያልፋሉ፤ የየቡ ገበያ ወደ መንገዱ ወጥቶ በጡሩንባ ብዛት ነው መንገድ የለቀቀለት። ከገበያው ጫፍ አንዲት የሚያውቃት ሴት ቡና ስትገለብጥ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያ ብቻ ነው የሆነው፤ አየችው፣ ተመለሰች። አብተው ደረቱ ሲቀልለው ተሰማው። እንደ ሰው መታየት ይህን ያህል የሚያስደስት መሆኑን ረስቶት ኖሯል። ከየቡ በኋላ ባለው ዳገት ላይ ማርሹን እየቀነሰ ሲወጣ ለእህቱ የሚላትን በልቡ ደጋገመው፤ «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ እንደሚጀምር ወሰነ።

አጋሮ መግቢያ ላይ ኦቦ ኩመራ ከአንድ ጆንያ መደብር በረንዳ ላይ ቆመው ነበር። የእታገኝ ጎረቤት፣ የሰፈሩ ዕድር ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለቱንም መርዶ ሲያረዳት እህቱን በቀኝ በኩል የያዟት እሳቸው ነበሩ። ሞተሩን በቀለሙ አወቁትና ከዘራቸውን አነሱ። አብተው ቆመ።

«አብተው! ነጋ ዳ?»

«ደህና ነኝ፣ ኦቦ ኩመራ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ወዴት ነህ በዚህ ፀሐይ?»

«እትዬ ጋ።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። አብተው ሙቀቱ መሰለው። «ለብቻህ?» አሉት፤ «ለብቻዬ» አላቸው። «ለብቻህማ አይሆንም፣ ልጄ» አሉና ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ዞር ብለው ሁለት ሦስት ቃል በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ከዚያም ከዘራቸውን አቅፈው ሞተሩ ላይ ከኋላው ወጡ። አብተው ደስ አለው። ሰፈር ድረስ መሸኘት የፈለጉ፣ ለእህቱም አክብሮት ብለው አብረውት የሚገቡ መሰለው። ኦቦ ኩመራ ጨዋ ሰው ናቸው፤ መርዶ ይዟል ብለው ያሰቡትን ሰው መንገድ ላይ «ማን ሞተ?» ብለው አይጠይቁም፤ ሽማግሌ አፉን ይዞ ይከተላል። አብተውም የደስታውን ወሬ ከእህቱ አስቀድሞ ለማንም መናገር አልፈለገም። እንዲህ ሁለቱም በየጨዋነታቸው ዝም ተባብለው ኮረኮንቹን ጨረሱት።

እታገኝ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጆንያ እየሰፋች ነበር። ሞተሩ በር ላይ እስኪቆም አልሰማችውም። ቀና ስትል መጀመሪያ ወንድሟን አየች፤ ከወንድሟ ጀርባ ኦቦ ኩመራን አየች፤ ከኦቦ ኩመራ ጀርባ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴዋ ከውሰር ሱቋን ሳትዘጋ ሻርፗን እያጠበቀች ስትሮጥ፣ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ከላይኛው መንገድ ሲወርዱ አየች። መርፌው ከእጇ ወደቀ።

«ማነው?» አለች፤ ድምፅዋ ለጎረቤት አይሰማም ነበር። ከዚያ ማንም ሳይመልስላት ራሷ መለሰች። «አብሳሎሜ ነው።»

አብሳሎም አንድ ልጇ ነው። ከአራት ወር በፊት በደላላ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ወጥቷል፤ ማላዊ ገባሁ ብሎ ከደወለላት አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። አብተው «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ለማለት የከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። እህቱ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከጆንያው ላይ ተነስታ መሬት ላይ ወደቀች፣ ሻሿን ከራሷ ላይ ነጥቃ ጣለች፣ ደረቷን ትመታ ጀመር፤ ከውሰር ደርሳ ክንዷን ያዘች፣ ኦቦ ኩመራ እንደ ልማዳቸው ቀኙን ያዙ።

«እትዬ፣ የሰርግ ካርድ ነው!» ብሎ ጮኸ አብተው። ላስቲኩን ከኪሱ አወጣና ከፍ አድርጎ አሳየ። «የሰርግ ካርድ ይዤ ነው የመጣሁት! ጽዮናዊት ልታገባ ነው!»

ከሚናገረው ሁሉ የባሰውን ተናገረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሊሙን ታሪክ ያልሰማ የለም። «ማል ጄታ፣ አብተው?» አሉት ኦቦ ኩመራ በቁጣም በእዝነትም። «ምን ማለትህ ነው? እሷ አንዴ አውቃዋለች። አሁን ካርድ አይሠራም። ወግ ነው፣ ጨርሰው፤ የት እንደሆነ፣ በምን እንደሆነ ንገራት።»

«ማንም አልሞተም! በልጄ እምላለሁ!»

«ታዲያ ጋሼ» አለች ከውሰር እያለቀሰች፣ «በቀትር ምን አመጣዎት? እስኪነጋ እንኳ ማደር ያልቻለ ምን ዓይነት ነገር ቢሆን ነው? ያ ረቢ!»

«ድምፁን አጥፍቶ ነው የመጣው!» አለች ከበሩ ውጪ ያለች ሴት። «ሰፈሩ እንዳይሰማ ሞተሩን አፍኖት ነው! ምን ያህል ቢከብደው ነው?»

 አብተው ያሰበበት ነገር ሁሉ ዞሮ ምስክር ሆነበት፤ ቀትሩም፣ ማርመታውም። ሰው በሰው ላይ ገባ። ግቢው ሞላ። አንድ ሰው የለቅሶ ድንኳን ሸራ ይዞ መጣ፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር አወጣ፤ ሴቶቹ እየገቡ በየተራቸው አብሳሎምን በስሙ፣ በሕፃንነቱ፣ በመልኩ ያነሱት ጀመር፤ አንዷ በትምህርት ቤት የሮጠውን ሩጫ ሳይቀር አነሳች። አብተው ካርዱን እንደያዘ የቡና ማስጫው አልጋ ጥግ ቆመ። ቆሞ ሲሰማ ሲሰማ አንድ ክፉ ሐሳብ ገባበት። ቢሆንስ? አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀላል ነው? ማን ያውቃል፣ ልጁ እውነት ሞቶ፣ እሱ ሳያውቀው እግሩ ይዞት መጥቶ ቢሆንስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለም? የእህቱን ልጅ በልጅነቱ በዚሁ ሞተር ከፊቱ አስቀምጦ ጅማ ለጅማ ያዞረበት ጊዜ ትዝ አለው። እንባው መጣ። ካልያዘው የሚሆነውን ያውቅ ነበር፤ ሊይዘው ግን አልቻለም። አብተው ሲያለቅስ ሲያዩ እስከዚያ ያልጮኹት ሴቶችም ጮኹ፤ መርዶ ነጋሪው ራሱ ካለቀሰ እንግዲህ ምን ጥርጥር አለ?

ከለቅሶው መሃል ራሷን ያልሳተችው ከውሰር ብቻ ናት። የእታገኝን ስልክ ከመቀነቷ ፈትታ ወስዳ የአብሳሎምን ቁጥር በኢሞ መታች፤ አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም። አብሮት የሄደው የሰፈሩ ልጅ እናት ዘንድ ሰው ላከች፣ ከእሷ የልጇን ቁጥር አስመጣች፣ እሱም አይነሳም። ኔትወርኩ ሲጠፋ ስልኩን ይዛ አጥሩ ላይ ወጣች፣ ሲመጣ ወረደች። እንዲህ ሁለት ሰዓት ሄደ። አብተው ሁለቱን ሰዓት ሙሉ አልተቀመጠም። እህቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችው፣ ድምፅዋ ጠፍቷል፣ ከንፈሯ ግን «በምን?» ሲል አየ። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከውሰር ጮኸች። ጩኸቷ የተለየ ስለነበር ግቢው ሁሉ ዝም አለ። ስልኩን ወደ እታገኝ ጆሮ አስጠጋች፤ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ፣ እንቅልፍ የያዘው የጎረምሳ ድምፅ ወጣ።

«እማ? ምንድነው ጩኸቱ? ማን ሞተ?»

 እታገኝ የሰደበችው ስድብ በወረቀት አይጻፍም። አባቱን፣ ደላላውን፣ ማላዊን፣ ስልክ የፈጠረውን ሳይቀር ሰደበች፤ እየሰደበች ስልኩን ትስመዋለች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አብተው ጥግ ላይ ቆሞ ሰማው። በሞተሩ ደርሶ የእውነት እልልታ የሰማበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ እልልታው ግን ለእሱ አልነበረም፣ ለጽዮናዊትም አልነበረም። ደስ አለው፣ እውነት ደስ አለው፤ ከዚያም ቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ሰዉ እየሳቀም እየተቆጣም ተበተነ። አንዷ «ሞተርህን እሳት ይብላው!» ብላው አለፈች፣ አንዱ ሽማግሌ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ» እያሉ ወጡ፣ ሸራ ያመጣው ሰው ሸራውን ጠቅልሎ ተሸከመ። ኦቦ ኩመራ አጠገቡ መጥተው ቆሙ። «አለመጠየቄ ነው ጥፋቱ» አሉት። «አለመናገሬ ነው» አላቸው። ከዚህ በላይ ለመነጋገር ሁለቱም አፈሩ።

ቤት ሲገባ እታገኝ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን መልሳ አስራ ተቀምጣ ነበር። ያለፈው ዓመት ቡና ሦስት ጆንያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዋጋው ይጨምራል ብላ ይዛው፣ ወርዶባታል። ቴሌቪዥኑ የዳንቴል ጨርቅ ለብሷል። ሽሮ በእንጀራ አቀረበችለት፤ ጾም ነው። በላ።  ከውጭ ከውሰር የሱቋን በር ስትከፍት ይሰማል። ከበላ በኋላ ካርዱን ሰጣት፤ ላስቲኩን ፈትታ፣ የጽዮናዊትን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፣ «ጥር ሃያ አንድ» አለች፣ «እመጣለሁ» አለች፤ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። አብተው ይቅርታ ሊጠይቃት፣ ሞተሩንም ቅዳሜ እንደሚሸጠው ሊነግራት፣ እንግዲህ በዚህ ደጅ እንደማያስደነግጣት ሊምልላት አሰበ። ደስ የሚላት መስሎት ነበር።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ። «ዛሬ በር ላይ ስታይኝ…»

«በር ላይ ሳይህ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?» አቋረጠችው።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ልጄ ሞተ አልኩ። ከዚያ ደግሞ እንኳን አብተው ሆነ የመጣው አልኩ። እንዲያ ብዬ ነው የወደቅሁት።» ጆንያ ሲሰፉ የጠነከሩት ጣቶቿ ካርዱን ያለሰልሱታል። «የእማማን ስትነግረኝ እንደ ሌላው ሰው አልቸኮልክም። የልጄን አባት ስትነግረኝ እስኪመሽ እጄን አልለቀቅከውም። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ቀን አልነሳም ነበር። በየዓመቱ እያየሁህ የምፈራህ፣ አንድ ቀን ሞተሩ ይሰበርና ሌላ ሰው ይመጣብኛል ብዬ ጭምር ነው።»



«ልጁ ዛሬ አለ» አለች። «ነገ ደግሞ ያ መንገድ አለ። እናት ነኝ፣ ራሴን አልዋሽም። ቀኑ የመጣ እንደሆነ በስልክ እንዳልሰማው። ኦቦ ኩመራም እንዳይነግሩኝ። አንተ ና።»

ሸኩር ቅዳሜ ይመጣል። አብተው ቀብዱን ተቀብሎታል፤ ብርሃንነሽም በዚያው ቀን ደጃቸው ላይ ሞተሩ የቆመበትን ቦታ አስጠርጋ የሰርጉን ድንኳን መለካት ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ለመናገር አፉን ከፈተ። እህቱ ግን እያየችው ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ የተደበቀ ነገር ሳትፈልግ፣ እንደ ወንድሟ ታየው ነበር።

«እመጣለሁ፣ እትዬ» አላት። «እኔው እመጣለሁ።»

ለሰርጉ ጥሪ ያላለችውን ያን ጊዜ አለችው፤ «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አለችው።